በኬዝ-ኮንትሮል ጥናት የማዛመጃ መለያዎች አመራረጥ

መግቢያ

በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል የሚሠራ የጤና ባለሙያ በሙያ ዘመኑ «ይህ በሽታ በእነዚህ ሰዎች ላይ ለምን በረከተ?» የሚል ጥያቄ ሳይገጥመው አይቀርም። ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ያልተለመደ ሕመም በአንድ አካባቢ ሲታይ፣ ወይም ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን ሲያዘጋጅ፣ በአነስተኛ ገንዘብና በአጭር ጊዜ መልስ ለማግኘት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መንገድ ኬዝ-ኮንትሮል ጥናት ነው። በዚህ ዓይነቱ ጥናት በሽታው ያለባቸው ሰዎች (ከዚህ በኋላ ሕሙማን የምንላቸው) እና በሽታው የሌለባቸው ሰዎች (ተነጻጻሪዎች የምንላቸው) ይመረጣሉ። ከዚያም የሁለቱም ወገኖች ያለፈ ታሪክ ይመረመርና የተጠረጠረው መንስኤ በየትኛው ወገን እንደሚበዛ ይነጻጸራል።

ጥናቱ ሲነደፍ ከሚነሡት ቀዳሚ ጥያቄዎች አንዱ «ተነጻጻሪዎቹ ሕሙማኑን በምን በምን ይምሰሉ?» የሚለው ነው። ብዙ ጀማሪ ተመራማሪዎች ሁለቱ ወገኖች በተመሳሰሉ ቁጥር ንጽጽሩ ይጠራል ብለው በማሰብ ዕድሜን፣ ፆታን፣ ቀበሌን፣ ትምህርትንና ገቢን በአንድነት ይደረድራሉ። ይሁን እንጂ ማዛመድ ዋጋ የሚከፈልበት ውሳኔ ነው። በትንተና ጊዜ የተፈጸመ ግድፈት ስሌቱን እንደገና በመሥራት ሊታረም ይችላል። ተነጻጻሪዎቹ ተመርጠው ቃለ መጠይቁ ካለቀ በኋላ ግን ባልተገባ ማዛመድ የጠፋውን መረጃ የሚመልስ የስታቲስቲክስ ዘዴ የለም። ስለዚህ በየትኛው መለያ ማዛመድ እንደሚገባና በየትኛው እንደማይገባ አስቀድሞ ማጤን ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማብራራት ነው።

ማዛመድ ማለት ምን ማለት ነው?

ማዛመድ ማለት ተነጻጻሪዎች በአንድ ወይም ከአንድ በላይ በሆኑ መለያዎች ሕሙማኑን እንዲመስሉ አድርጎ መምረጥ ነው። ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። የመጀመሪያው በግለሰብ ደረጃ ማዛመድ ሲሆን ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የራሱ ተነጻጻሪ ይፈለግለታል። ሁለተኛው በቡድን ደረጃ ማዛመድ ነው፤ በዚህኛው ከሕሙማኑ መካከል 40 በመቶ ሴቶች ቢሆኑ ከተነጻጻሪዎቹም 40 በመቶ ሴቶች እንዲሆኑ ይደረጋል እንጂ ሰው ከሰው ጋር አይጣመርም።

ለመጀመሪያው አሠራር የታወቀ ምሳሌ የሚሆነው ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያወጡት ስለ ማጨስና ስለ ሳንባ ካንሰር የተደረገ ጥናት ነው። በለንደን ሆስፒታሎች ለተገኙ 709 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በቁጥር እኩል የሆኑ ተነጻጻሪዎች ተመረጡ። እያንዳንዱ ተነጻጻሪ ከሕመምተኛው ጋር በፆታ አንድ ዓይነት፣ በዕድሜ በዚያው የአምስት ዓመት ክልል ውስጥ ያለ፣ በዚያው ሆስፒታልና በተቀራራቢ ጊዜ በሌላ በሽታ የተኛ ሰው ነበር። ከ649 ወንድ ሕሙማን መካከል አጫሽ ያልነበሩት 2 ብቻ ሲሆኑ፣ ከ649 ወንድ ተነጻጻሪዎች መካከል ግን 27 ነበሩ።

ልብ ሊባል የሚገባው ተመራማሪዎቹ የመረጡት ብቻ ሳይሆን የተዉትም ነው። ዕድሜና ፆታ ከማጨስም ከሳንባ ካንሰርም ጋር በጽኑ የተያያዙ ስለሆኑ ተዛመዱ። የማኅበራዊ መደብንና የመኖሪያ ቦታን ግን መዝግበው በትንተና ጊዜ አነጻጸሩ እንጂ ተነጻጻሪ ለመምረጫ አላዋሏቸውም። መለያን መመዝገብና በመለያ ማዛመድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ማዛመድ ብቻውን ንጽጽሩን አያጠራም

ከተጠረጠረው መንስኤ ጋር የተያያዘና በራሱም በሽታውን የሚያመጣ ወይም የሚያባብስ ሌላ ነገር አደናጋሪ ምክንያት ይባላል። በብዙዎች ዘንድ «በአደናጋሪው ካዛመድኩ ችግሩ ተወገደ» የሚል እምነት አለ። ይህ እምነት ለኬዝ-ኮንትሮል ጥናት ትክክል አይደለም። በኮሆርት ጥናት የተጋለጡትና ያልተጋለጡት ሰዎች በፆታ ቢዛመዱ ገና ከመነሻው ፆታ ከተጋላጭነት ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። በኬዝ-ኮንትሮል ጥናት ግን የምንመርጠው በበሽታው መኖርና አለመኖር ስለሆነ፣ ማዛመዱ የተነጻጻሪዎቹን ተጋላጭነት ወደ ሕሙማኑ ተጋላጭነት ይስበዋል። በዚህም ምክንያት ማዛመዱ በትንተና ጊዜ ካልታሰበ አዲስ መዛባት ይፈጠራል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ያህል ለማብራሪያ ብቻ የተዘጋጀ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ተመራማሪ ጫት መቃም ከአንድ በሽታ ጋር ያለውን ግንኙነት ለማጥናት 185 ሕሙማንና በፆታ የተዛመዱ 185 ተነጻጻሪዎችን መረጠ እንበል። በየወገኑ 100 ወንዶችና 85 ሴቶች አሉ። ውጤቱ የሚከተለው ነው፦

ወንዶች፦ ከ100 ሕሙማን 80 ይቅማሉ፤ ከ100 ተነጻጻሪዎች 50 ይቅማሉ።
ሴቶች፦ ከ85 ሕሙማን 17 ይቅማሉ፤ ከ85 ተነጻጻሪዎች 5 ይቅማሉ።

የተጋላጭነት ዕድል ንጽጽሩ (ኦድስ ሬሾ) በወንዶች 80 በ50 ተባዝቶ፣ 20 በ50 ሲባዛ ለሚገኘው ሲካፈል 4 ይሆናል። በሴቶችም 17 በ80 ተባዝቶ፣ 68 በ5 ሲባዛ ለሚገኘው ሲካፈል 4 ነው። በሁለቱም ፆታዎች ውጤቱ አንድ ነው። ተመራማሪው ግን «በፆታ አዛምጃለሁና ፆታን ከእንግዲህ ልተወው» ብሎ ሁሉንም በአንድነት ቢደምራቸው ከ185 ሕሙማን 97፣ ከ185 ተነጻጻሪዎች ደግሞ 55 ቃሚዎች ይሆኑና ውጤቱ ወደ 2.6 ይወርዳል። የተገኘው መረጃ ያው ሆኖ ሳለ፣ የማዛመጃው መለያ በመዘንጋቱ ብቻ ግንኙነቱ ከእውነተኛው ደክሞ ታየ። እንግዲህ መለያን ለማዛመጃ የመረጠ ሰው ያን መለያ በትንተናውም ውስጥ ይዞ የመቆየት ግዴታ አብሮ ገብቷል ማለት ነው።

አንባቢ «ማዛመድ አደናጋሪውን ካላስወገደ ጥቅሙ ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥቅሙ ትንተናው ፍሬያማ እንዲሆን ማድረጉ ነው። ሕሙማኑ አብዛኛዎቹ አረጋውያን ሆነው ተነጻጻሪዎቹ ወጣቶች ቢሆኑ፣ በዕድሜ ከፋፍሎ ለማነጻጸር ሲሞከር በአንዱ ክፍል ሕሙማን ብቻ፣ በሌላው ተነጻጻሪዎች ብቻ ይቀራሉ። ማዛመድ በየክፍሉ ከሁለቱም ወገን የሚነጻጸር ሰው እንዲኖር ያደርጋል፤ የውጤቱ የመተማመኛ ወሰንም ይጠባል።

ለማዛመጃ የሚበቃ መለያ

አንድ መለያ ለማዛመጃ ከመመረጡ በፊት የሚከተሉትን አራት መመዘኛዎች ሊያሟላ ይገባል።

አንደኛ፣ ጽኑ አደናጋሪ መሆኑ ቀደም ባለ እውቀት የታመነበት ሊሆን ይገባል። ከበሽታው ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ወይም አጠራጣሪ የሆነ መለያ በትንተና ቢስተካከል ይበቃዋል። በብዙ ጥናቶች ዕድሜና ፆታ በቅድሚያ የሚመረጡት ይህን መመዘኛ በአብዛኛው ስለሚያሟሉ ነው።

ሁለተኛ፣ ተመራማሪው በበሽታው ላይ ያለውን ተጽዕኖ ሊያውቅ የማይሻው መለያ ሊሆን ይገባል። በማዛመድ ሁለቱ ወገኖች እኩል የተደረጉበት ነገር በሽታውን ያመጣ ወይም አያመጣ እንደሆነ ከዚያው ጥናት ማወቅ አይቻልም። በትምህርት ደረጃ ያዛመደ ሰው ስለ ትምህርት ጥቅም የሚናገረው አይኖረውም።

ሦስተኛ፣ መለያው ተነጻጻሪው ከመመረጡ በፊት በቀላሉ የሚታወቅ ሊሆን ይገባል። ዕድሜና ፆታ ከካርድ ይገኛሉ። የቤተሰብ ገቢን ለማወቅ ግን አስቀድሞ ቃለ መጠይቅ ማድረግ ያሻል፤ ከተጠየቁት ብዙዎቹም ስለማይመሳሰሉ ይሰናበታሉ። ይህ ድካምና ወጪ ብዙ ሕሙማንን ለማካተት ቢውል የተሻለ ነበር።

አራተኛ፣ በትንተና ብቻ ለማስተካከል የሚያዳግት መለያ ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ክፍሎች ያሉት እንደ ትውልድ ሆስፒታል ወይም እንደ ቤተሰብ ያለ መለያ በዘፈቀደ ከተመረጡ ሰዎች መካከል ተመሳሳይ ጥንድ አይገኝለትም።

እነዚህን መመዘኛዎች በመልካም ሁኔታ ያሟላ ምሳሌ አርተር ኸርብስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ያወጡት ጥናት ነው። በወጣት ሴቶች ላይ እጅግ ብርቅ የነበረው የብልት ካንሰር በቦስተን በ8 ሕሙማን ላይ ታየ። ለእያንዳንዷ ሕመምተኛ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው የአገልግሎት ዓይነት፣ በአምስት ቀን ልዩነት ውስጥ የተወለዱ አራት ተነጻጻሪዎች ከወሊድ መዝገብ ተመረጡ። ከ8ቱ ሕሙማን የ7ቱ እናቶች በእርግዝናቸው ዳይኤትልስቲልቤስትሮል የተባለውን ሆርሞን ወስደው ነበር፤ ከ32ቱ ተነጻጻሪዎች እናቶች ግን አንዲትም አልወሰደችም። የትውልድ ቀንና ሆስፒታል ከመዝገብ በቀላሉ ይገኛሉ፤ የዘመኑን የሕክምና ልማድም ያመሳስላሉ። ተመራማሪዎቹ እናቶቹ ቀደም ሲል ጽንስ አስወርዷቸው እንደነበርና በእርግዝናው ወቅት ደም ፈሷቸው እንደነበር ጠይቀው አነጻጸሩ እንጂ በእነዚህ አላዛመዱም። በመሆኑም 8 ሕሙማን ብቻ ይዘው የመድኃኒቱን ጉዳት ለዓለም ሊያሳዩ ቻሉ።

ከልክ ያለፈ ማዛመድ

ባልተገባ መለያ ማዛመድ ከልክ ያለፈ ማዛመድ ይባላል። ጉዳቱም በሦስት መልክ ይታያል።

ሀ. በመንስኤውና በበሽታው መካከል ባለ እርከን ማዛመድ። ጨው አብዝቶ መመገብ ስትሮክ ያመጣ እንደሆነ የሚያጠና ሰው ሕሙማንንና ተነጻጻሪዎችን በደም ግፊት ልክ ቢያዛምድ፣ ጨው ጉዳቱን የሚያደርስበትን ዋና መንገድ በራሱ እጅ ዘጋ ማለት ነው። ከሦስቱም ይህ የከፋው ነው። ምክንያቱም መለያው በትንተና ቢያዝም ባይያዝም ትክክለኛው ውጤት ተመልሶ አይገኝም።

ለ. ከበሽታው ጋር ሳይሆን ከተጠረጠረው መንስኤ ጋር ብቻ በተያያዘ መለያ ማዛመድ። በአንድ ከተማ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ተነሥቶ የውኃ ምንጭ ተጠረጠረ እንበል። መርማሪው ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የቅርብ ጎረቤቱን ተነጻጻሪ ቢያደርግ፣ ሁለቱም ከአንድ ቦኖ ወይም ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዱ ይሆናሉ። በጥንድ ትንተና ውስጥ ደግሞ ለውጤቱ የሚያበረክቱት ሁለቱ ሰዎች በተጋላጭነት የተለያዩባቸው ጥንዶች ብቻ ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የጠጡበት ጥንድ ምንም አይናገርም። መርማሪው ብዙ ሰው ጠይቆ ጥቂት መረጃ ይዞ ይመለሳል፤ የውኃው ምንጭም ነጻ የወጣ መስሎ ሕዝቡ መጠጣቱን ሊቀጥል ይችላል።

በአገራችን ከተደረጉት ጥናቶች ይህን የሚያስረዳ አለ። በአማራ ክልል በሊቦ ከምከም ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የካላዛር ወረርሽኝ ከታወቀ በኋላ ተካሂዶ በ2009 የታተመ ጥናት 171 የተዛመዱ ጥንዶችን አነጻጽሮ፣ ውሻ ማሳደር፣ ቀን በግራር ዛፍ ሥር መተኛትና ሌሊት ከቤት ውጭ ማደርን ማዘውተር ከበሽታው ጋር ተያይዘው አገኛቸው። እነዚህን ሦስት ነገሮች በማዛመጃ ዓይን እንመልከታቸው። ውሻ የቤተሰብ ሀብት ነው፤ አንዱ የቤተሰብ አባል ባለ ውሻ ከሆነ ሌላውም ያው ነው። ተነጻጻሪዎች ከሕመምተኛው ቤተሰብ ቢመረጡ በየጥንዱ ሁለቱም ውሻ ያላቸው ወይም ሁለቱም የሌላቸው ይሆኑና ስለ ውሻ የሚነሣው ጥያቄ ሊመለስ አይችልም ነበር። በሥራ ዓይነት ቢዛመዱ ደግሞ በእረኝነት ወይም በእርሻ ምክንያት ከቤት ውጭ የሚያድሩት ከመሰሎቻቸው ጋር ይጣመሩና የሌሊቱ ተጋላጭነት ይደበዝዛል። እንግዲህ ማዛመጃውን ከመምረጥ በፊት በመጠይቁ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እያነሡ «ይህ ማዛመጃ ይህን ጥያቄ ይገድልብኛልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሐ. ለአመቺነት ሲባል ማዛመድ። አንዳንድ ጊዜ ተነጻጻሪዎች ከሕሙማኑ ጋር በአንድ ሐኪም ወይም በአንድ ክሊኒክ የሚታከሙ እንዲሆኑ የሚደረገው ለማግኘት ስለሚቀሉ ብቻ ነው። ብራያን ማክማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ቡና መጠጣት ከቆሽት ካንሰር ጋር ይያያዛል የሚል ጥናት አወጡ። ተነጻጻሪዎቹ የተመረጡት የካንሰሩን ሕሙማን ሆስፒታል ካስገቡት ሐኪሞች ሌሎች ታካሚዎች መካከል ነበር። ከሐኪሞቹ ብዙዎቹ የጨጓራና የአንጀት ስፔሻሊስቶች በመሆናቸው ከተነጻጻሪዎቹም ብዙዎቹ የጨጓራና የአንጀት ሕሙማን ሆኑ። ጨጓራ የሚያመው ሰው ደግሞ ቡና ይቀንሳል ወይም ይተዋል። ስለዚህ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ቡና አብዝተው የጠጡ መሰሉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግንኙነቱን አላረጋገጡም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባደረገው ግምገማ ቡና የቆሽት ካንሰር እንደማያመጣ የሚጠቁም ማስረጃ መኖሩን ገልጿል። የቡና አገር ለሆነችው ኢትዮጵያ የዚህ ዓይነቱ ጥናት ውጤት ከምርምር ክፍሉ ግድግዳ ውጭም ትርጉም አለው።

ለአንድ ሕመምተኛ ስንት ተነጻጻሪ?

ሕሙማኑ ጥቂት ሲሆኑ የተነጻጻሪዎችን ቁጥር መጨመር ይረዳል፤ ነገር ግን ጭማሪው የሚያስገኘው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል። በተለምዶ በሚሠራበት ግምት፣ ተነጻጻሪዎች ያለ ወሰን ቢኖሩ ሊገኝ ከሚችለው መረጃ አንድ ተነጻጻሪ 50 በመቶ፣ ሁለት 67 በመቶ፣ ሦስት 75 በመቶ፣ አራት 80 በመቶ፣ አምስት 83 በመቶ ያህል ያስገኛሉ። ከአራት በላይ መሄድ ብዙውን ጊዜ የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው። የማዛመጃ መለያዎች በበዙ ቁጥር ግን አራት ቀርቶ አንድ ተነጻጻሪ እንኳ የማይገኝላቸው ሕሙማን ይኖራሉ፤ እነርሱም ከጥናቱ ይወጣሉ። ብርቅ በሆነ በሽታ ላይ አንድን ሕመምተኛ በማዛመጃ ምክንያት ማጣት ከባድ ኪሳራ ነው።

የትንተናው አካሄድ

በግለሰብ ደረጃ የተዛመደ ጥናት ጥንዱን ሳያፈርስ መተንተን አለበት። በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በሚገኝ የጡረተኞች መኖሪያ ስለ ኤስትሮጅንና ስለ ማኅፀን ግድግዳ ካንሰር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመው ጥናት በመማሪያ መጻሕፍት ዘወትር ይጠቀሳል። ለእያንዳንዷ ሕመምተኛ አንድ ተነጻጻሪ ብቻ ተወስዶ በ63 ጥንዶች ሲታይ፣ በ27ቱ ሁለቱም ኤስትሮጅን ወስደዋል፤ በ4ቱ ሁለቱም አልወሰዱም። በ29ኙ ሕመምተኛዋ ብቻ፣ በ3ቱ ተነጻጻሪዋ ብቻ ወስደዋል። ኦድስ ሬሾው 29 ለ3 ሲካፈል 9.7 ያህል ነው። ከ63ቱ ጥንዶች ውጤቱን የወሰኑት 32ቱ ብቻ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ከአንድ በላይ ተነጻጻሪ ወይም በትንተና የሚስተካከሉ ሌሎች መለያዎች ሲኖሩ ኮንዲሽናል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ያገለግላል። በቡድን ደረጃ ለተዛመደ ጥናት ማንቴልና ሄንዝል እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረቡት የየክፍሉ ስሌት፣ ወይም የማዛመጃው መለያ የተካተተበት ተራ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ይበቃል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል፣ ጥናት የሚነድፍ ባለሙያ ስለ እያንዳንዱ የማዛመጃ መለያ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ ቢመልስ ይጠቀማል።

1. መለያው ጽኑ አደናጋሪ መሆኑን የማውቀው ከምን ተነሥቼ ነው?
2. መለያው መንስኤው በሽታውን በሚያመጣበት መንገድ ላይ የሚገኝ አይደለምን?
3. ስለ መለያው ራሱ ኋላ ማወቅ የምፈልገው ነገር የለምን?
4. ይህ ማዛመጃ ጥንዶቹን በተጠረጠረው መንስኤም አንድ አያደርጋቸውምን?
5. መዝግቤ በትንተና ባስተካክለው አይበቃምን?
6. በትንተናው ውስጥ ይዤው ለመቆየት ተዘጋጅቻለሁን?

ለአምስተኛው ጥያቄ መልሱ «ይበቃል» ከሆነ አለማዛመድ ይሻላል። ብዙ ጥናቶች በዕድሜ ክልልና በፆታ በቡድን ደረጃ ተዛምደው ሌላው ሁሉ በጥንቃቄ ቢመዘገብ በቂ ይሆናሉ። ምርጫውም ከነምክንያቱ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት በጥናቱ ፕሮቶኮል ላይ ሊሰፍርና ከስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር ሊመከርበት ይገባል። በተለይ ወረርሽኝን የሚመረምር ባለሙያ ተነጻጻሪ ሊያደርገው ወዳሰበው ጎረቤት ቤት ከመግባቱ በፊት ያ ጎረቤት ውኃ የሚቀዳው ከየት እንደሆነ ቢያስብ፣ መርምሮ ሊያገኘው የወጣውን መንስኤ በራሱ ማዛመጃ ከመሸፈን ይድናል።